በላጲስ የጠፋች ጭረት

እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ የሠራሁትን ስትሰሙ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው?» እንዳትሉኝ ነው። እስክንድር እባላለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ቦንጋ ከተመደብኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። ኮሌጅ ውስጥ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሥዕልና የዲዛይን መግቢያ አስተምራለሁ። ተማሪዎቹ ፊት ለፊት «ቲቸር»፣ ከኋላዬ ደግሞ «ላጲስ» ይሉኛል። ስሙን ያወጡልኝ በወንበሮቹ መካከል ስዞር ላጲስ ከእጄ ስለማይለይ፣ «ይሄን አጥፋው፣ ያንን አጥፊው» ማለትም ስለማይሰለቸኝ ነው። እውነቱን ለመናገር ስሙን ወድጄው ነበር።

ቦንጋ ላይ ሥዕል ማስተማር ከዝናብ ጋር ሙግት መግጠም ነው። ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣል፤ ጠዋት ቀጥ ያለው ከሰዓት ይጎብጣል፤ እርሳሱን ትንሽ ጫን ያለ ተማሪ ወረቀቱን እንደ ማሳ ያርሰዋል። ቀለም በጊዜው አይመጣም፤ ሲመጣም ቡናማው ብቻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በከሰል እናስጀምራለን፤ ከሰል የሌለበት ቤት የለም።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ለስላሳ ዳቦ ከሰልን ከወረቀት ላይ እንደሚያነሳ አስታውሼ «ነገ ሁላችሁም ቁራሽ ዳቦ ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። ይዘው መጡ። «በሉ ዳቦውን በከሰሉ ላይ ፈትጉት» ስላቸው ግን ሠላሳ አንድ ተማሪ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ያየኝ ጀመር። ደግሜ ተናገርኩ። ማንም አልነካም። በመጨረሻ ከኋላ ረድፍ አንዲት ቀጭን ልጅ ተነሳችና ቀስ ብላ «ቲቸር፣ እህል ነው እኮ» አለችኝ። ተቆጣሁ። «እህል መሆኑን መቼ አጣሁት!» ብዬ ጮህኩና፣ በሩን ዘግቼ ወጥቼ፣ በረንዳው ላይ ዝናቡን ስሰድብ ቆይቼ ተመለስኩ። ዳቦው የለም። በልተውታል። ከሰሉ በየወረቀቱ ላይ እንዳለ ነው።

ያቺ የተነሳችው ልጅ አብርሆት ናት። ከቦንጋ ወጣ ብላ ያለችው የማንኪራ ልጅ ናት፤ አባቷ ጋሽ ወልደ ማርያም ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉ ገበሬ ናቸው። በምዝገባው ቀን አብረዋት መጥተው ነበር። ሥዕል ተምራ ምን ትሆናለች ብለው አንድ ዓመት ሙሉ ይዘዋት ኖረው፣ በእናቷ በእትዬ በዛወርቅ ልመና ነው እሺ ያሉት። ያን ቀን የተማሪዎቹን ሥራ በግድግዳው ላይ አንድ በአንድ አይተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩና «መምህር፣ ይሄ ትምህርት ሰው ያሰድባል?» አሉኝ። ሳቄ መጣ። «ኧረ አያሰድብም ጋሼ፣ እኔ አለሁ» አልኳቸው። እጄን ጨብጠው ሄዱ። ያን «እኔ አለሁ» ያልኩትን ቃል ኋላ ብዙ ቀን አስቤዋለሁ።

መጋቢት ላይ ስለ ምልክት መማር ጀመርን። ሥራው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከሰፈሩ ወይም ከቤቱ አንድ ምልክት ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ እየቀነሰ እየቀነሰ ለመለያ የሚሆን ቅርጽ ያወጣለታል። እንደ ልማዳቸው የኳስ ክለብ ዓርማ አመጡልኝ፤ የስልክ ኩባንያ ምልክት አመጡልኝ፤ አንዱ የታክሲ ላይ ተለጣፊ ፎቶ አንስቶ መጣ። በየተራ ሰደብኳቸው። አብርሆት ጋ ስደርስ ግን ዝም አልኩ።

ወረቀቷ ላይ አንድ እንደ ደጋን የጎበጠ መስመር አለ፤ ከሥሩ ሁለት ቋሚ መስመሮች ቆመዋል፤ በስተቀኝ፣ ከቋሚዎቹ ትንሽ ራቅ ብላ፣ አንዲት አጭር ጋደል ያለች ጭረት አለች። በእርሳስ ጫን ብላ ነው የሣለችው። ያማረ ነገር ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቅርጽ ተማሪ አምጥቶልኝ አያውቅም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«አባቴ ቀፎ ላይ የሚቀርፁት ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«እንጃ ቲቸር። የሳቸው ነው ማለት ነው።»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፍም ነበር። እኔ ግን ጥያቄ መጠየቅ አልወድም፤ መናገር ነው የምወደው። ወረቀቷን ከፍ አድርጌ ለክፍሉ አሳየሁና የዘወትር ንግግሬን አወረድኩት። ጥሩ ምልክት ማለት ከላዩ ላይ ምንም ሊቀነስለት የማይችል ነው አልኩ። የነበረበትን ቦታ እርሱት፣ ቅርጹን ብቻ እዩት አልኩ። ከዚያ ጣቴን በአጭሯ ጭረት ላይ አሳረፍኩ።

«ይቺ ለምሳሌ ምን ትሠራለች?»

አብርሆት ወረቀቱን አየች። «አላውቅም። ግን አለች።»

«ያለ ነገር ሁሉ አይሣልም። ሚዛኑን አጠፋችው፤ ትርፍ ናት።» ላጲሴን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። «አጥፊያት።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። በዳቦው ጊዜ ያየችኝ ዓይነት አስተያየት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን «እህል ነው እኮ» ብላኝ ነበር፤ አሁን ምንም አላለችም። ጩኸቴን ለምዳዋለች ማለት ነው። ላጲሱን አንስታ አጠፋቻት። አጥብቃ ሥላት ስለነበር ወረቀቱ ላይ ዱካዋ ቀረ። ማታ ሳርም ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «18/20። ጭረቷ በደንብ አልጠፋችም።»

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኃይለሚካኤል የሚባል ሰው ቢሮዬ መጣ። የማንኪራ አካባቢ ማር አምራቾች ማኅበር አቋቁመዋል፤ እሱ ጉዳያቸውን የሚያስፈጽም ባለሙያ ነው። የማሩ ብልቃጥ ላይ የሚለጠፍ ሎጎ ይፈልጋሉ። «ፕሮፖዛሉ ውስጥ ብራንዲንግ የሚል አለ፣ ተማሪዎችህ አይሞክሩልንም?» አለኝ። የሠላሳ አንዱንም ሥራ ዘረጋሁለት። እጁ በቀጥታ አብርሆት ወረቀት ላይ አረፈ። ኃይለሚካኤል ያደገው ሌላ ወረዳ፣ ዋጫ ነው፤ የማንኪራን ሰዎች ምልክት ለይቶ አያውቅም። «ይሄ የኛ ይመስላል፣ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም» አለ። እኔም ኩራቴ ጣራ ነካ።

ለአብርሆት ስነግራት ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ ምልክቱ ለማኅበሩ አባላት እስከሚቀርብበት ስብሰባ ቀን ድረስ ለቤቷ እንዳይነገር። «አባዬ እዚያው፣ ሰው ፊት ይዩት» አለች። «ሥዕል ምን ያደርጋል ሲሉ ነበር።» እሺ አልኳት። እኔም ብሆን የጋሽ ወልደ ማርያምን ፊት ለማየት ጓጉቼ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ ቅዳሜ በኃይለሚካኤል መኪና እስከሚያስኬደው ድረስ ሄድን፤ ከዚያ በእግር ነው። መንገዱ በጫካው ውስጥ ለውስጥ ያልፋል፤ ቡናው ከዛፎቹ ጥላ ሥር ነው፤ አናት ላይ ደግሞ፣ ቀና ብሎ ለሚያይ፣ ረጃጅሞቹ የቀረሮ ዛፎች ላይ ቀፎዎች ተጋድመዋል። ሰዎቹ እስከዚያ እንዴት እንደሚወጡ ለእኔ እስከ ዛሬ አይገባኝም። አብርሆት በትልቅ ወረቀት የታተመውን ምልክት ጠቅልላ በፌስታል ሸፍና ታቅፋዋለች። አዲስ ጫማዋን አውልቃ በሌላ እጇ ይዛለች፤ ልክ ስብሰባው ያለበት ትምህርት ቤት አጥር ጋ ስንደርስ እግሯን በሣር ጠርጋ አደረገችው።

አርባ የሚሆኑ አባላት ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ወልደ ማርያም ከፊት ናቸው። ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ፣ መልሰው ኮስተር አሉ። ኃይለሚካኤል ስለ ገበያና ስለ ጥራት ብዙ ተናገረ። ከዚያ አብርሆት ወረቀቱን ዘረጋች። እኔ በአንድ ጫፍ ያዝኩላት።

ማንም አላጨበጨበም።

በአገሩ ቋንቋ፣ በካፍኛ፣ ማንሾካሾክ ጀመሩ፤ እኔ በአምስት ዓመት ከሰላምታ ያለፈ ካፍኛ አልተማርኩም። ከኋላ ወንበር አንድ ሽበታም ሰው ተነስተው ወደ ፊት መጡና ወረቀቱን ቀርበው አዩት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ደጋግመው ተናገሩ። ጋሽ ወልደ ማርያም አልተነሱም። ወረቀቱንም አይመለከቱም፤ ልጃቸውን ነው የሚመለከቱት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ቁጣ ብዬ ብጠራው ቀላል ነበር፤ አልነበረም። እንደ ማፈር ያለ ነገር ነው። ከዚያ ተነሱ፣ አጠገቧ ሲደርሱ አንድ አጭር ነገር ጠየቋት። እሷም አንድ ቃል መለሰች። ቀድመው ወጡ። አብርሆት ወረቀቱን እጄ ላይ ጥላ ተከተለቻቸው።

«ምን ተፈጠረ?» አልኩት ኃይለሚካኤልን።

«ቆይ» አለኝ። ስንመለስ፣ ጫካው ውስጥ፣ ከሰዉ የሰማውን ነገረኝ። ሽበታሙ ሰው ጋሽ ከፈለኝ ናቸው፤ የጋሽ ወልደ ማርያም ታላቅ ወንድም። ያሳየነው ምልክት የእሳቸው ነው። የጋሽ ወልደ ማርያም ምልክት ያው ሆኖ በስተቀኝ አንዲት ትንሽ ጭረት አላት። የአባታቸው ምልክት ነበር፤ ሲሞቱ ለታላቁ ደረሰ፤ ወንድማማቾቹ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ጫካቸውን ሲካፈሉ ታናሹ ጭረቷን ጨምረው ተለዩ። በክፍፍሉ ተቀያይመው ከዚያ ወዲህ ከለቅሶ በቀር አንዱ የሌላውን ደጅ ረግጦ አያውቅም። ቀፎ የሚሰቅሉት ወንዶች ናቸው፤ አብርሆት የምታውቀው ጓሮ ተደርድሮ የምታየውን የአባቷን ቀፎ ብቻ ነው። የአጎቷን ከየት ታየዋለች?

«ጋሽ ከፈለኝ ምን እያሉ ነበር?»

«‹እኔ በሰው ማር ላይ ምልክቴን አላደረግሁም› ነው የሚሉት። ቀፎ ጫካ ውስጥ ወራት ሙሉ ያለ ጠባቂ ነው የሚቀመጠው እስክንድር። ጠባቂው ያ ምልክት ነው። በሌላ ሰው ቀፎ ላይ ምልክቱን ያደረገ ሰው ሌባ ነው፤ ቤቱ ገብቶ የሚበላ አይኖርም። አንተ የሳቸውን ምልክት በአገሩ ማር ሁሉ ላይ ልትለጥፍ መጣህ።»

ተቆጣሁ። ምን ላድርግ፣ ሲጨንቀኝ የምችለው እሱን ነው። «ብልቃጥ ነው እኮ! የወረቀት መለያ ነው! ቅርጽ ነው!» አልኩ። ኃይለሚካኤል ጭቃውን እየዘለለ ጥቂት ቀደመኝና ዞረ።

«አንተ የአባትህን ስም ሰርዘህ በአጎትህ ስም ብትጠራ አባትህ ምን ይሰማቸው ነበር?» አለኝ።

ወረቀቱን ጠቅልዬ በብብቴ ሥር ይዤ እስከ መኪናው ድረስ ተከተልኩት።

ሰኞ አብርሆት ክፍል አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። ረቡዕ ኃይለሚካኤል ደወለ። አባቷ ከእንግዲህ ወደ ኮሌጁ አትመለስም ብለዋል። «ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያሠራሽ ብለው ቢጠይቋት፣ እኔ ነኝ ብላለች» አለኝ። «በስብሰባው ቀንም የመለሰችው ያንኑ ነው። ለምን ጭረቷን ተውሻት ሲሏት ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም።»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ ስሜን አልጠራችም። የእኔን ጥፋት በራሷ ላይ አድርጋ፣ በአባቷ ፊት ለአጎቷ ያደረች ልጅ ሆና ቤት ተቀምጣለች። እኔ ደግሞ «እኔ አለሁ» ያልኩት ሰውዬ ነኝ። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ቁም ሳጥኑን ከፍቼ የመጀመሪያውን ወረቀቷን አወጣሁ። ሳየው ደጋኑና ሁለቱ ቋሚዎች ብቻ ናቸው። ወደ መስኮቱ ወስጄ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው ጋደል ሳደርገው ግን ጭረቷ ብቅ አለች። ጥቁርነቷ ነው እንጂ የሄደው፣ እርሳሱ ያረሰው ቦይ ወረቀቱ ውስጥ አለ። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ፤ ላጲስ የእርሳሱን ቀለም ያነሳል፣ እጅ የተጫነውን አያነሳም እላቸዋለሁ። ወረቀቱን በካርቶን መካከል አድርጌ ለቅዳሜ አዘጋጀሁት።

«ብቻህን አትሄድም» አለኝ ኃይለሚካኤል። «ሽማግሌ ሳትይዝ ብትገባ ሌላ ስድብ ነው።»

«ማንን ልያዝ?»

«ስሙ የተነካው ሌላው ሰው ማን ነው?»

እናም መጀመሪያ ጋሽ ከፈለኝ ቤት ሄድን። ወረቀቱን ሰጠኋቸውና ማጋደሉን አሳየኋቸው፤ ማን እንዳጠፋትም ነገርኳቸው። ብዙ ጊዜ አዩት። ገብተው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። «እንሂድ» አሉ።

የጋሽ ወልደ ማርያም ቤት በእንሰት የተከበበ ነው። የአጥሩ በር ላይ ስንደርስ ጋሽ ከፈለኝ ቆሙ። ጋሽ ወልደ ማርያም ደጃቸው ላይ ቀፎ እየጠፈሩ ነበር፤ ቀና ብለው ወንድማቸውን አዩ። ከዚያ ጋሽ ወልደ ማርያም ተነስተው በሩን ራሳቸው ከፈቱት።

ነገሬን ወዲያው ልጀምር ስል ኃይለሚካኤል ክርኑን ጎኔ ላይ ወጋኝ። ሳይቀመስ ነገር አይነሳም። እትዬ በዛወርቅ የተቀቀለ ጎደሬና ማር አቀረቡ። ማሩ ነጭ ነው፤ ከነሰፈፉ። አብርሆት እጅ አስታጠበችን፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። በሕይወቴ ጎደሬ መብላት እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም።

በመጨረሻ ጋሽ ወልደ ማርያም «እሺ መምህር» አሉ።

ቤቱ ውስጥ ብርሃኑ ትንሽ ነው። ወረቀቱን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩና ደጃፉ ላይ ተንበርክኬ አጋደልኩት። «ጋሽ ወልደ ማርያም፣ እባክዎ እዚህ ይምጡ» አልኩ። መጡ፤ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። አሳየኋቸው። በመጀመሪያ አላዩዋትም። ከዚያ አዩዋት። አውራ ጣታቸውን አምጥተው በጥፍራቸው ቦዩን ከላይ እስከ ታች ተከተሉት።

«ሥላታለች» አሉ።

«ሥላታለች። እንዳለች ነበር የሣለቻት። አጥፊ ያልኳት እኔ ነኝ። አላጠፋም በማለት ዓይነት ብታየኝም ተቆጥቼ አስጠፋኋት። እሷ ጥፋት የለባትም።» ወረቀቱን አስጠግቼ ያዝኩላቸው። «ትርፍ ናት ብዬ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጋሽ ወልደ ማርያም ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

አብርሆት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። «መምህሬ ናቸው» አለች።

አባቷ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው እንደገና አጋደሉት፤ አሁን ያለ እኔ እርዳታ ብርሃኑን አገኙት። ጥግ ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ አዩ። «መምህር፣ ይሄ ቀይ ምን ይላል?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አሥራ ስምንት ከሃያ ይላል።»

«ሁለቱስ የት ሄደ?»

«ቀነስኩባት። ... ጭረቷ በደንብ ስላልጠፋች።»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ከፈለኝ ናቸው። ከሆዳቸው፣ ትከሻቸው እየተነቃነቀ ሳቁ፤ ሳል እስኪይዛቸው። ጋሽ ወልደ ማርያም ወንድማቸውን አዩ፤ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ አልቻሉም፤ እሳቸውም ሳቁ። እትዬ በዛወርቅ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ሲስቁ ሰምተው ከጓዳ ብቅ አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ እዚያው እንደተንበረከክሁ ነኝ።

ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ወልደ ማርያም በር ላይ ተቀመጡ። «ትርፍ አይደለችም» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። «ከወንድሜ ጋር ስንካፈል የአባታችን ምልክት ለታላቅ ደረሰ። ልክ ነው፣ ደንቡ ነው። እኔ አንድ ነገር መጨመር ነበረብኝ። ምን ልጨምር? ሦስት ቀን ጫካ ዞርኩ፣ ምንም አልመጣልኝም። ብቻዬን ነኝ፣ አባት የለኝ፣ ወንድም የለኝ። በሦስተኛው ቀን ቤት ስመለስ እሷ ተወልዳ ጠበቀችኝ። ትንሽ ናት፣ በጨርቅ ተጠቅልላ፣ እናቷ ጎን ጋደል ብላለች።» ጣታቸውን በጭረቷ ላይ አደረጉ። «ይቺን ጨመርኩ። ይቺ እሷ ናት።»

አብርሆት ይህን ሰምታ አታውቅም። ማንም አልነገራትም። ግድግዳውን እንደተደገፈች ወደ መሬት ተንሸራተተችና ፊቷን በጉልበቷ ላይ ደፋች። ልጅቷን በገዛ እጇ ራሷን ከአባቷ ምልክት ላይ አስፍቄያታለሁ፤ ሳትጨርስ በመቅረቷ ደግሞ ሁለት ነጥብ ቀንሼባታለሁ።

«የብልቃጡስ ነገር?» አለ ኃይለሚካኤል።

«ብልቃጡ ላይ የማንንም አታድርጉ» አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም። «ቀፎ ሣሉበት፤ ቀፎው ላይ ባዶ ቦታ ተዉ። የሰቀለው ሰው የራሱን ያድርግበት።» ጋሽ ከፈለኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። አምስት ዓመት ዲዛይን ያስተማርኩት ሰው ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ልነሳ ስል እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው አስቀመጡኝ። «አልጨረስንም። እርሳስ ይዘዋል?» የሥዕል መምህር እርሳስ አያጣም፤ ከኪሴ አወጣሁ። «ያስጠፏትን ይመልሷታል» አሉና ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ዘረጉልኝ።

እርሳሱን ያዝኩ። ቦዩ ፊት ለፊቴ አለ፤ ተከትሎ መሄድ ብቻ ነው፤ አንደኛ ዓመት ተማሪ ያደርገዋል። መስመሩ ግን ገና ሲጀምር ከቦዩ ወጣ።

«አይ፣ እንዲህ አይደለችም» አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም። አልተቆጡም። እኔ ያበላሸኋትን በጣታቸው እየጠቆሙ «ላጲስ አለ?» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ለልጃቸው ዘረጉላት። «ነይ አንቺ። ይሄን አጥፊና ጭረቷን ሥሪያት።»

አብርሆት በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠርጋ መጣች። የእኔን መስመር አጠፋች፤ ፍርፋሪውን እፍ አለች። ከዚያ እርሳሱን ከእጄ ወስዳ፣ በአባቷ ጭን ላይ ጎንበስ ብላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጫን አድርጋ ሣለቻት።

ጋሽ ወልደ ማርያም ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አነሱት። በጥፍራቸው እንደገና ከላይ እስከ ታች ዳሰሷት፤ ለታላቅ ወንድማቸው አሳዩ፤ ወንድማቸው አዩና «እሷ ናት» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። መልሱልኝ ለማለት አልደፈርኩም፤ የሥዕል ክፍሉ ማኅደር ውስጥ እስከ ዛሬ የሠላሳ ተማሪ ሥራ ብቻ ነው ያለው።

«ነገ እሑድ ነው» አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም፣ ወደ ልጃቸው ሳያዩ፣ ያቋረጡትን ቀፎ እያነሱ። «ከነገ ወዲያ ትምህርት የለሽም እንዴ? ጫማሽን አጥበሽ አስጪው እንጂ።»